በደህና ክንድ ላይ ያሰርኩት ቀርከሃ

ይህን ለንስሐ አባቴም ለሚስቴም አልተናገርኩም። ልጆቼን ለትንሽ ውሸት ሳይቀር ስቀጣ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ አንባቢ ሆይ፣ ለአንተም ስናገር አፌ እየከበደኝ ነው።

ወጌሻ ነኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለች አንድ ክፍል ቤት ሥራ ጀመርኩ። ፊደልን ያለ መምህር እንደለየሁ ሁሉ፣ አጥንትንም የተማርኩት ከታረደ በግ መገጣጠሚያ ነው። ክረምት ሲሆን ጭቃው ሰው ይጥላል፤ በጥምቀት ሰሞን የጉግስ ተጫዋች ከፈረስ ይወድቃል፤ ቤቴ ይሞላል። ጥቅምት ሲገባ ግን አገሩ ሁሉ ወደ አጨዳ ይዞራል፤ ደጄ ጭር ይላል። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እያንዳንዱ ወቅት የራሱ ሕመም አለው፤ ጥቅምት ብቻ የለውም። እኔ ብፈጥርለትስ?

ፈጠርኩለት። በቅዳሜ ገበያ እህል ሻጮች መሀል ቆሜ፣ «ድሮ የተሰበረ አጥንት ውርጭ ሳይገባበት በቅቤ ካልታሸ ከውስጥ ይላላል» አልኩ። አላነበብኩትም፤ ከማንም አልሰማሁትም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ሰዎች መጡ። መምጣታቸው አልገረመኝም። የገረመኝ እውነት የሚያማቸው መሆኑ ነው። ስነካቸው ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ሳሻቸው ይሻላቸዋል። ቃል በየት በኩል ገብቶ ጉልበት ያሳምማል? ማፈር ሲገባኝ፣ ይህን ለማወቅ ጓጓሁ።

ከመጡት አንዱ አያ ታረቀ የሚባሉ የወገራ ገበሬ ነበሩ። ከዓመታት በፊት ከበቅሎ ወድቀው የተሰበረ ክንዳቸውን ጠግኜላቸው፣ ሸጋ ሆኖ ድኖ ነበር። ያን ጥቅምት ግን ክንዳቸውን አቅፈው፣ የደረሰ ገብሳቸውን ማሳ ላይ ትተው መጡ።

«ገበያ ላይ ያልከውን ጎረቤቴ ነገረኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ይጠዘጥዘኛል» አሉኝ።

ዳበስኩት። ከእኔ ክንድ ይጠነክራል። «ይሂዱ፣ ገብስዎን ይጨዱ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «አያ ታረቀ፣ መታሰር አለበት» አልኩ። ደህናውን ክንድ በቀርከሃ ፍልጥ አሰርኩት። ገበያተኛ በሚያልፍበት፣ ደጄ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ምነው አያ፣ እርስዎም?» ይላቸዋል አላፊው።

«ዝም ብለህ ግባ! ነገ እንደኔ ተጠፍረህ ሚስትህ ልታጎርስህ ነው?» ይሉታል እየሳቁ።

የሰማ ሁሉ የራሱን ክንድ እየዳበሰ ይገባ ነበር። ከእኔ የተሻሉ ለፋፊ ሆኑልኝ።

«ፍታኝ፣ ገብሱ ረገፈ» እያሉ ደጋግመው ለመኑኝ። እኔ ግን እስከ ቅዳሜ ይቆዩ አልኩ። ለደንበኛ ብዬ? አዎ። ደግሞም ሕመሙ መቼ እንደሚለቃቸው ማየት ፈልጌ ነበር። ሰውን እንደ በግ መገጣጠሚያ እያገላበጥኩ አየሁት።

ቅዳሜ ሳይደርስ ወገራ ላይ በረዶ ወረደ። ወሬውን ጎረቤታቸው ይዞ መጣ፤ ከገብሱ የተረፈ የለም። አያ ታረቀ የታሰረ ክንዳቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«ገብስ ለከርሞ ይዘራል። ክንዴ ቢሄድ በምን አርስ ነበር? እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

ተመረቅሁ። አሜን ብዬም ምርቃቱን ተቀበልኩ። በዚያ ዓመት ልጆቻቸው በዘመድ ቤት ተበትነው እንደከረሙ ሰማሁ፤ ያን ጊዜም እውነቱን አልተናገርኩም።

አያ ታረቀ አርፈዋል። ዘንድሮ በጥቅምት ልጃቸው መጣ፤ በልጅነቱ የተሰበረ እግሩን አባቱ እንዳስለመደው ውርጭ ሳይገባበት ሊያሳሽ። ገብሱን ሳያጭድ ነው የመጣው። አልቻልኩም፤ ውሸቱን፣ ቀርከሃውን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«አያ፣ እጅዎ ደክሞ ሊያባርሩኝ ነው? እያመመኝ እንዴት ውሸት ይሆናል? ይልቅ ቅቤውን ያሙቁት።»

እግሩን ዳበስኩ። ደህና ነው። ፊቱ ግን ተጨማደደ። አሸሁትና «ሂድ፣ ቶሎ እጨድ» አልኩት። «አባቴ እስከ ቅዳሜ ይቆይ ነበር» ብሎ ደጄ ላይ ተቀመጠ።

ይህን ስጽፍ እሱ እዚያው ነው። በወገራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ይቅርታ አልለምንህም፣ አንባቢ ሆይ፤ ሰውን ከማሳው የሚያስነሳ ቃል አገኘሁ፣ ወደ ማሳው የሚመልሰውን ግን እስካሁን አላገኘሁም። ብዕሬን አስቀምጬ እንደገና ልለምነው እወጣለሁ።