ለእንግዳ የተቀመጠው ካካዎ

እናቴ ቤት ከልጅ ይልቅ እንግዳ ይከበር ነበር፤ ከራሷም ይልቅ። ጂንካ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ባለመስታወት ቡፌ አለ። እዚያ የገባ ነገር እኛ እጅ አይገባም። ብርጭቆው፣ አበባ ያለበት ሰሃን፣ ያልተፈታው የገላ ሳሙና፣ ሁሉም «ለእንግዳ» ነው።

አርባ ምንጭ ስሠራ እኔ ዘንድ መጥታ አንድ ቀን ካካዎ በወተት አፍልቼ ሰጠኋት። የብርጭቆውን ውስጥ በጣቷ ጠርጋ ነው የጨረሰችው። ሌላ ነገር እንደዚያ ስትወድ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ለገና ስሄድ አንድ ጣሳ ይዤላት ገባሁ። እሷም ወስዳ ከሳሙናው አጠገብ፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ፣ ጽሑፉን ወደ በሩ አዙራ አቆመችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የሳሙና ሽታ ይስባል! ጓዳ፣ ጨለማ ቦታ አድርጊው። ደግሞ ጠጪው!»

«እንግዳ ቢመጣ ምን ላቀርብ ነው?» አለች። ስጨቀጭቃት ወደ አፍ መፍቻዋ፣ ወደ አሪኛ ዞረች፤ ወደ አሪኛ ከዞረች ነገሩ አለቀ።

እንግዳማ መቼ ጠፍቶ! ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች። ለነሱ ታፈላለች፣ እሷ ሻይዋን ትጠጣለች። ጣሳውን እንፋሎት ላይ ከፍታ በእርጥብ ማንኪያ ስትጨልፍ ባየሁ ቁጥር እጮህ ነበር። ማን ሊሰማኝ!

ከዚያ ታመመች፤ ላስታምማት መጣሁ። ምግብ እምቢ አላት። አንድ ቀን ከሰዓት፣ «ያ ካካዎ ቢገኝ እቀምስ ነበር» አለች። ለራሷ ነገር ስትጠይቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሮጬ ቡፌውን ከፈትኩ። ደህና ካካዎ ቢጓጉል እንኳ በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል። ይሄ እንደ ጭቃ ተጣብቋል፣ ዳር ዳሩን ነጭ ሻጋታ ወርሶታል፣ የሚሸተውም ሳሙናና የራሰ ካርቶን ነው። ጣሳውን አውጥቼ የግቢው አጥር ላይ ወረወርኩት። ጂንካን በባጃጅ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ሌላ አጣሁ፤ ከአርባ ምንጭ በሚኒባስ አስመጣሁ።

አፍልቼ ሳቀርብላት ወደ በሩ አየች።

«ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም!» ጮህኩባት፤ በሽተኛ ላይ ጮህኩ። «ላንቺ ነው! ላንቺ!»

ሁለት ጊዜ ፉት አለች። «ይጣፍጣል» አለች። «በይ ክዳኑን ግጠሚው፤ ሰው ይመጣል።»

ሰው መጣ። በዚያው ሳምንት ግቢያችን ድንኳን ተተከለ። ጎረቤት ሴቶች ለለቀስተኛው የሚቀርብ ሲፈልጉ ጣሳውን አግኝተው አፈሉት። አንድ ዘመዳችን ብርጭቆውን ጨርሶ፣ «እናትሽ እንግዳ ማክበር ታውቅበት ነበር» አለኝ። ባዶውን ብርጭቆ ተቀብዬው ወደ ጓዳ ገባሁ።

አሁን ቤቴ ቡፌ የለም። ካካዎዬ ጓዳ ውስጥ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። የምጨልፈው በደረቅ ማንኪያ ነው። ያለ በዓል፣ ያለ ምክንያት፣ ደስ ባለኝ ቀን አፍልቼ ብቻዬን እጠጣዋለሁ። ለእንግዳ ሻይ አለ።