ከስምንት ወደ አንድ የወረደው ሆዴ

ዛሬ ፍኖተ ሰላም፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ፣ ያለ አንዲት ክኒን የሆድ ቁርጠቴ ከስምንት ወደ አንድ ወረደ።

ነርሷ «ሕመማችሁ ከአስር ስንት ነው? የባሰበት ይቀድማል» ስትል «ስምንት» አልኩ።

አጠገቤ ከማንኩሳ የመጡ አዛውንት እጥፍጥፍ ብለው «ኧረ ደህና ነኝ፤ ሁለት በይው ልጄ» አሏት።

አባቴን የሚያህሉ ሰው ልቅደም እንዴ? «ተሳስቼ ነው፤ አንድ» አልኩ።

«እንዲያማ ከሆነ እኔ ዜሮ ነኝ፤ ልጁ ይግባ!» አሉ፣ ሆዳቸውን እንደያዙ።

ከኋላችን ያሉትም እየተግደረደሩ ቁጥራቸውን ቀነሱ። (ዶክተሩ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል።)

ነርሷ ሆዷን ይዛ «አሁንስ የኔው አስር ገባ!» ብላ ጮኸች።

ሁላችንም ብድግ አልን። «እግዜር ይማርሽ! በይ አንቺ ቅደሚ።»

እናንተስ ሆዳችሁን ስንት ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብቻ ከአባባ ዜሮ እንዳትበልጡ።