ቃሉ ሲገፋ የቀሩ ምልክቶች

አራዳ ውስጥ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በኮሌጅ ሙዚቃ የሚያስተምር አንድ ሰው ያልተለመደ ሥራ ይዞ መጣ። በልጅነቱ ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው ትክል ድንጋይ አካባቢ ዜማ ያስተማሩት የኔታ የሰጡትን የግዕዝ ዜማ በኖታ ጽፎታል። ከኖታው ሥር ቃሉ፣ ከቃሉ አናት ላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ ምልክት እንዲገባለት ፈለገ።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የኖታውን ፕሮግራም እየነካካሁ ነው የለመድኩት። ኖታና ቃል አሳምሮ ይደረድራል። ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉትን የዜማ ምልክቶች ግን አያውቃቸውም። ስለዚህ ገጹን እንደ ሥዕል አውጥቼ ወደ ሌላ የሥዕል ፕሮግራም አስገባሁትና ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየሳልኩ ከየፊደላቸው አናት አስቀመጥኳቸው። ገጹ ከሥር፣ ምልክቶቹ ከላይ፣ እንደተደራረቡ ሁለት መስታወቶች ነበሩ። ምልክት ድምፅ የት እንደሚወድቅና የት እንደሚያዝ ይናገራል፤ ወደ ጎረቤቱ ፊደል ከሄደ ዜማው ሌላ ይሆናል። ይህን ስለማውቅ አጉልቼ ሳላይ የማልፈው ነገር አልነበረም። አንድ መስመር ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር።

የኔታ ነገሩን አልወደዱትም። ተማሪያቸው ለምኗቸው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያዩት ፈቀዱ። አንድ ምልክት ከቦታው ወጥቶ ካገኙ ግን ሥራው እዚያው እንደሚቀር አስቀድመው ላኩብን።

በሚመጡበት ቅዳሜ ጠዋት የኮሌጁ መምህር ቀድሟቸው ደረሰ።

«ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ኖታ ዘልያለሁ። ቀላል ናት አይደል?»

«ቀላል ናት» አልኩ።

በኖታው ፕሮግራም ጨመርኳት፤ ገጹን እንደገና አወጣሁና በአሮጌው ፈንታ ከምልክቶቹ ሥር አስገባሁት። መብራት እየሄደ እየመጣ ሲያስቸግረን ነበር የሰነበተው። ሳይጠፋብኝ ብዬ ሳላጎላ አተምኩት።

የኔታ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። የቤቱ ባለቤት ወንበር አቀረበላቸው።

«ወላሂ የኔታ፣ ይህ ልጅ ነጥብ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ደንበኞቼ ጎረቤት ሄደው አለቁ።»

«ሸጋ ነው። ተቸኩሎ ከሚጻፍ ደንበኛ ቢሄድ ይሻላል።»

«ለእርስዎ ነዋ የሚሻለው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ስክሪኑ ላይ የቀረውን ገጽ እያየሁ ነበር። ፕሮግራሙ ለአዲሷ ኖታ ቦታ ሲለቅ የሦስተኛውን መስመር ቃል በሙሉ ገፋ አድርጎታል። ምልክቶቹ ግን በሌላኛው ፕሮግራም የተሳሉ ናቸውና ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም። አንዱ ርክርክ ባዶ ቦታ ላይ ቆሟል፤ ሌሎቹ የማያውቁት ፊደል አናት ላይ ወጥተዋል።

የኔታ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እያስኬዱ በዝግታ ማዜም ጀመሩ። ልናገር ስል አንደኛው መስመር አለቀ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ፣ ዜማውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ምልክቱን ሳያዩ ያልፉት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ተስፋ ነው። ሦስተኛው ላይ የተጻፈውን እንደተጻፈ አዜሙት። መጣመሙ ለእኔ እንኳ ተሰማኝ። መቋሚያው ሲሚንቶውን አንዴ መታ።

«ተመለስ።»

በዜማ ቤት የሳተ ተማሪ ስሕተቱ አይነገረውም፤ ተመልሶ ራሱ ይፈልገዋል። መምህሩ ለእሱ የተባለ መስሎት ወረቀቱን ሊያይ ጎንበስ አለ።

«የኔታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ጠዋት ቃሉን ገፋሁት፤ ምልክቶቹ እዚያው ቀሩ። እዚህ መስመር ላይ ያለው ሁሉ ስቷል።»

«መቼ አወቅኸው?»

«መነጽርዎን ሲያደርጉ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልህ?»

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኛ ስንጽፍ ለምልክቱ ቦታ እየተውን መጀመሪያ ቃሉን ብቻ ነው የምንጽፈው። ይነበባል፣ ይታረማል። እርማቱ ሳያልቅ ምልክት አይጣልበትም። አንተ ምልክቱን ጥለህ ስታበቃ ነው ቃሉን የምታርመው?»

ወረቀቱን አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ከተቱት። «ማኪናው ሞልቶ ሳይሄድብኝ» ብለው ተነሡ። ይቅርም፣ ይቀጥልም አላሉም። መምህሩ ሊሸኛቸው ተከትሏቸው ሲወጣ ወደ እኔ አልዞረም።

በዚያ ሳምንት ምልክቶቹን በሙሉ አጠፋሁ። መምህሩ ቃሉንና ኖታውን እስከ መጨረሻው አርሞ ከእንግዲህ የምቀይረው የለም እስኪለኝ ድረስ የሥዕሉን ፕሮግራም አልከፈትኩም። ከዚያ በኋላ ምልክቶቹን እንደ አዲስ ሳልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገጹን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ ብቻዬን ትክል ድንጋይ ሄድኩ። የኔታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አሮጌውን ወረቀት አወጡ። ሦስተኛው መስመር ላይ እያንዳንዱን ምልክት ሰርዘው በቀይ ቀለም ከትክክለኛው ፊደል አናት አድርገውታል። አዲሱን ከጎኑ ዘረጉትና ማዜም ጀመሩ።

ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም፤ መቋሚያውን ነበር የማየው። አንደኛው መስመር አለፈ፤ ሁለተኛውም። ሦስተኛው መሃል ላይ መቋሚያው ከመሬት ተነሣ። ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩትና ወደ አራተኛው መስመር ገቡ።