ሉባባ ለገጠመችው ብረት ወረቀት ፍለጋ እስከ አጣዬ

የደረሰብን በደል እንዲታወቅልኝ ነው የምጽፈው። የሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሚኒባሳችንን ከተራ አውጥቶብናል። ጥፋታችን የልጅ ልጄ ሉባባ የኋላውን ስታቢላይዘር ግቢያችን ውስጥ መቀየሯ ነው። ስታቢላይዘር ማለት ሁለቱን የኋላ እግሮች አያይዞ መኪናው ጥምዝ ላይ እንዳይጋደል የሚይዝ ብረት ነው። የድሮው ቀጭን ስለነበር መኪናው በሞላ ቁጥር ተሳፋሪው «ያ አላህ!» እያለ አንዱ ባንዱ ላይ ይወድቅ ነበር። ሉባባ ወፍራሙን ገጠመችለት። መካኒክነት ተምራ ተመርቃለች፤ ቤታችንም የሚበላው ከዚህ መኪና ነው።

«ሴት ልጅ ግቢ ውስጥ የነካካችው ሰው አይጭንም። የጋራዥ ወረቀት አምጡ» አለን ሰውየው።

«አምና ወንድሟ እዚያው ግቢ ፍሬን ሲቀይር ወረቀት ጠይቀሃል?»

ፊሽካውን ነፋብኝና ዞረ። የከተማችን ጋራዦችም ከሱ ጋር ላለመጣላት ወረቀት አንሰጥም አሉ። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባዶውን መኪና ይዘን ወደ አጣዬ ተነሣን። ሉባባ ትነዳለች፤ እኔ ከጎኗ።

ጀውሃ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ

የቀወት ወረዳ ማሽላ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ፍሬው የሞላ ዛላ ነው። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ከኋላ ቋ! የሚል ድምፅ መጣ። መንገዱ በተቦረቦረበት ሁሉ፣ ቋ!

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንጃ እማ።»

«እንጃ? አገር ፊት አቁመሽኝ እንጃ ትያለሽ?»

ጮህኩባት። ተራ አስከባሪው እውነቱን ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበርና ንዴቴ ባሰ።

የከባድ መኪና ሾፌሮች ፉል የሚበሉበት ቤት ፊት ቆምን። ሉባባ መኪናው ሥር ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው ብሎኖቹን ያጠበቅኳቸው። እግሩ መሬት ረግጦ፣ ጭነት ይዞ መሆን ነበረበት። ብረቱን የሚያቅፉት ላስቲኮች ተጣመው ተያዙ፤ የሚንኳኳው ለዚያ ነው።»

ጭነት ከየት ይምጣ? ፉል ቤቱ ገባሁ።

«እናንተ! ሳህናችሁን ይዛችሁ መኪናዬ ውስጥ ግቡ!»

«ወዴት ሊወስዱን ነው እትዬ?» አለ አንድ ቦርጫም ሾፌር።

«የትም። ቁጭ ብለህ ብላ።»

«ሒሳብ አለው?»

«አንተማ ብቻህን ሁለት ኩንታል ነህ፤ እኔ ልክፈልህ። ከኋላ ተቀመጥ!»

አሥራ አንድ ሰዎች እየተሳሳቁ ገቡ፤ መኪናውም ዝቅ አለ። ሉባባ ከሥር ብሎኖቹን አላልታ እንደገና አጠበቀች። አንዱ በመስኮት ቁልቁል «አንቺ ልጅ፣ ዳቦ ላቀብልሽ?» ይላታል። ለሁሉም ሻይ ጋበዝኩ፤ ሃያ ሃያ ብር ነው፣ ስኳሩም ትንሽ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሰንበቴ፣ ከሰንበቴም ወዲያ ድምፅ የለም።

አጣዬ፣ አራት ሰዓት

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ መኮንን ይባላል። ቤቱ በጦርነቱ ተቃጥሎበት ግድግዳውን እንደ አዲስ ያቆመ ሰው ነው። የሉባባን ስህተት ራሴ ነገርኩት፤ የራስን ጥፋት ደብቆ ፍትሕ መጠየቅ አይሆንልኝም።

«ማን አስተካከለው ታዲያ?»

«ራሷ።»

ሥር ገብቶ ብረቱን ነቀነቀ። ሠራተኞቹን ጭኖ ከከተማው ወጥቶ፣ ጥምዝ መንገዱን ሄዶ ተመለሰ።

«ሥራው ልክ ነው። ግን ወረቀቱን በኔ ሠራተኞች ስም ላድርገው፤ ቶሎ ይቀበሏችኋል።»

«ያላረሳችሁትን ልታጭዱ? በሷ ስም ጻፍ!»

ሉባባ ክንዴን ጎተተች። «ተይ እማ፣ ዋናው መጫናችን ነው።»

«አይደለም!»

ጋሽ መኮንን ራሱን አከከ፤ ከዚያ ወደ ሉባባ ዞሮ «የአባትሽ ስም ማን ነው?» አላት። የገጠመችው እሷ እንደሆነች፣ የመረመረው እሱ እንደሆነ ጽፎ ማኅተሙን መታበት።

ሸዋ ሮቢት፣ ስምንት ሰዓት

ሙቀቱ አስፋልቱን ሊያቀልጠው ደርሷል። ተራ አስከባሪው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «እሺ» አለ።

«እሺ በለኝ አላልኩህም። የወንድሟን ወረቀት ለምን አልጠየቅክም ነው ያልኩህ።»

ሾፌሮቹ ከበውን ቆመዋል። ሊሄድ ሲል ፊቱ ቆምኩ፤ ወዲያ ሲል ወዲያ፣ ወዲህ ሲል ወዲህ። በመጨረሻ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«ወንድ ስለሆነ ነው እትዬ» አለኝ። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ልጅቷ ነገ መኪናውን ይዛ ትግባ፣ ተራዋ ሦስተኛ ነው።»