በሳሙና የታጠበ እጅ

ፖሊሶች የያዙኝ ጅቡቲ ውስጥ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ነው። ፍራሼ ሥር ስለ አገራችን ሕዝቦች እኩልነት የጻፍናቸው ወረቀቶች ነበሩ። ያስገቡኝ የእስር ክፍል መስኮት የለውም፤ የሲሚንቶው ወለል እግር ያቃጥላል። ሳምንቱን ሙሉ «ከማን ጋር ነው የጻፍሽው?» እያሉ ጠየቁኝ። የማንንም ስም አልጠራሁም።

ከእኔ ሌላ ሦስት ነበሩ፤ መኖሪያ ወረቀት ሳይኖራት የተያዘች የድሬዳዋ ነጋዴ፣ ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጇ፣ እና ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ የተያዘች ማተብ ያሰረች የቤት ሠራተኛ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የልጅቷ አባት ሩዝ በፍየል ሥጋ ላከ። ልጅቷ ሩዙን ከሥጋው ጋር ድብልብል አድርጋ መጀመሪያ ለሠራተኛዋ ዘረጋች። ሠራተኛዋ ፊቷን አዞረች።

«እጄ ንጹሕ ነው ወላሂ፤ በሳሙና ነው የታጠብኩት» አለች ልጅቷ።

እናትየው ሳብ አደረገቻት። «ተያቸው፤ እነሱ የእኛን ሥጋ አይበሉም።»

ከ«እነሱ» አንዷ እኔ ነበርኩ። እኔ የእኩልነቷ ጸሐፊ፣ ጅቡቲ ከገባሁ ጀምሮ በዓሣና በሽሮ ነው የከረምኩት። በልጅነቴ ጎረቤት ቤት ከጓደኛዬ ጋር ሥጋ ስበላ እናቴ ደርሳ ሦስት ጊዜ አፌን አስጉመጠመጠችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ፊቷን አይቼ ገባኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከጓደኛዬ ጋር ገመድ አልዘለልኩም።

ልጅቷ መዳፏን እያገላበጠች ታየዋለች፤ ቆሻሻውን እየፈለገች ነው። አንጀቴን በላችው።

«ለእኔስ?» አልኳት።

«እህቴ፣ ለልጅ ብለሽ አትቸገሪ» አለች እናትየው።

«ርቦኝ ነው።»

ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ጨው በዝቶበታል። እንደምንም ዋጥኩትና ድገሚኝ አልኳት። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። ሠራተኛዋ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። አልፈረድኩባትም፤ እሷንም በልጅነቷ ያስጉመጠመጣት ሰው አለ።

ዛሬ ሰዎች ያኔ የማንንም ስም ባለመናገሬ ያደንቁኛል። እሱ እንኳ እልህ ነበር። እኔ የምኮራው በዚያች ጉርሻ ነው። ልጅቷ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ታስታውሰኝ እንደሆን አላውቅም። ልጅ የማይረሳው ፊት የነሣውን ሰው ነው። እኔን ረስታኝ ከሆነ፣ እሰየው።