መዝጊያው ከሴራሚኩ ጀርባ ነው

ዛሬ ጠዋት የኩሽናዬን ቧንቧ ስከፍት መክፈቻው እጄ ላይ ተነቅሎ ቀረ። ውሃው በቀጥታ ፊቴ ላይ።

ያውም አዳማ ውስጥ፣ ያውም ውሃ ስንት ቀን ጠፍቶ በመጣበት ጠዋት።

ያገኘሁትን ጨርቅ ሁሉ ጠቀጠቅኩበት፤ አልቆም አለ። የቆጣሪው መዝጊያ ዝጎ አይዞርም። የኩሽናውን መዝጊያ ፍለጋ ሲንኩ ስር ገባሁ፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ የለም።

አከራዬን እትዬ አስካለን ጠራኋቸው።

«መዝጊያውማ እዚህ ነበር» አሉ ግድግዳውን እያሳዩኝ። «ሲያስጠላኝ ጊዜ በሴራሚክ አስሸፈንኩት።»

«ታዲያ በምን እንዝጋው?»

«ብቻ ሴራሚኬን እንዳትነኪ» ብለው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ሴራሚኩ እውነት ለመናገር ያምራል።

ጎረቤቶቼ እየሮጡ ሲገቡ ሊረዱኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁሉም ጀሪካን ይዘዋል። «ዝም ብሎ ከሚፈስ እንቅዳው ብለን ነው» አሉኝ፤ ወለሌ ላይ ተሰልፈው ቀዱ።

በመጨረሻ ውሃው ቆመ። ዘግተነው አይደለም፤ ሄዶ ነው።

አሁን የግቢው ጀሪካን ሁሉ ሞልቷል። እኔ ግን ጭቃ የሆነውን ወለሌን የማጥብበት ውሃ እንኳ የለኝም።

የእናንተ ቤት መዝጊያ የት ነው? ግድግዳችሁን አይታችሁ ንገሩኝ፤ ብቻዬን አልናደድ።