አባዬ የፈራቸው ሁለት መስመሮች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ሊያስተካክል የመጣው ልጅ፣ ከኮምፒውተሬ ጀርባ ተንበርክኮ የግድግዳውን መስመር ከሰካ በኋላ፣ ሲም ካርድ የምትጎርሰውን ትንሽ ሳጥን ገመድ በሌላ እጁ እንደያዘ፣ «እህቴ፣ ሁለቱንም አብሬ ልሰካቸው አይደል? አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይተካዋል» አለኝ። ሞጆ ደረቅ ወደብ የምሠራው የጭነት ሰነድ ሥራ ቤቴ ድረስ ስለሚከተለኝ፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ደግሞ የአለቃዬ ደም ሥር ስለሚገታተር፣ ሁለት መስመር ይግባልኝ ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሁለተኛዋ ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ስትጠጋ ግን ክው አልኩ፤ ሳይታወቀኝ እስከ በሩ ድረስ ወደኋላ ሄጃለሁ። ልጁ «ምነው፣ ኤሌክትሪክ ያዘሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ልትጠይቀኝ መጥታ ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ታላቅ እህቴ ትዕግስት ግን አልሳቀችም፤ እሷም ዓይኗን ከገመዷ ላይ አላነሳችም።

እኛ ባደግንበት ቤት ሁለት መስመር አብሮ መሰካት ሞት ነበር። እንዲህ ያለው አባዬ ነው። አባዬ የተሳቢ ሾፌር ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሞጆ በአዳማ በኩል ጅቡቲ ሲመላለስ፣ በተለይ ፈጣን መንገዱ ሳይሠራ በፊት በዚያ ጠባብ የሞጆ መንገድ ላይ፣ ስንቱ መኪና ፊት ለፊት ሲላተም በዓይኑ ያየ፣ አንድ ጊዜም ከጎኑ የተቀመጠውን ረዳቱን በዚሁ ያጣ ሰው ነው። ስለ ረዳቱ አያወራም። ከዚያ ወዲህ ግን በዓለም ላይ ያለ መከራ ሁሉ፣ የጎረቤት ጠብም ይሁን የባልና ሚስት፣ ሁለት ነገር በአንድ መንገድ ፊት ለፊት ከመምጣት የሚነሳ ይመስለው ነበር።

ኮምፒውተሩን ያመጣው እኔ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከጅቡቲ ሲመለስ ከጋቢናው ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወረደና ሳሎን ጥግ አስቀመጠው፤ እማዬም ሰው ዓይን እንዳይገባበት ነው መሰል በዚያው ቀን ዳንቴል አለበሰችው። የአዳማ ንፋስ የማያስገባው አቧራ የለምና፣ ኮምፒውተሩ በጋለ ቁጥር በሆዱ ያጠራቀመው ሁሉ ይሞቅና ቤቱ የተጠበሰ አፈር ይሸታል። የተገዛው ለጨዋታ አልነበረም። ትዕግስት ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ሄዳ፣ ማዳሟ ፓስፖርቷንም ስልኳንም ቀምታት፣ ድምፅዋ ጠፍቶብን ነበር። የማዳሟ ትንሿ ልጅ ብታዝንላት ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ ኮምፒውተሯን ታውሳታለች፤ የእናቲቱ መኪና በር ላይ ጥሩምባ እስክታሰማ ድረስ ብቻ፣ ትዕግስት አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈች ታወራናለች። እሷ ከጻፈች በሕይወት አለች ማለት ነው፤ ካልጻፈች እማዬ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እህል አይወርድላትም።

ወደ እሷ የሚያደርሱን መንገዶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የቤቱ ስልክ መስመር ነው፤ እየጮኸና እያቃሰተ ይገናኛል፣ ዝናብ ሲጥል ግን ምሰሶው ላይ ያለው ሳጥን ውሃ እየገባበት ያንኮራፋል። ሁለተኛው የጎረቤታችን የጋሽ ቱፋ ሲዲኤምኤ ነው፤ አውራ ጣት የምታክል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካ ያለ ገመድ ኢንተርኔት የምታመጣ ነገር ናት። ጋሽ ቱፋ አዳሚ ቱሉ እርሻ ምርምር ይሠሩ ስለነበር፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ይመጡና ቅዳሜ በአጥሩ ላይ «አካም ኦልታኒ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም እያሉን ያቀብሉናል። አባዬ እቺን ነገር የስልኩ ገመድ እንደተሰካ ማስገባት ሁለት ተሳቢ ጠባብ ድልድይ ላይ እንደመልቀቅ ነው ብሎ ደመደመ። ኮምፒውተሩ ሆዱ ውስጥ ያላትማቸዋል፣ ይፈነዳል፣ ቤቱንም ያነደዋል። ጋሽ ቱፋ ኧረ አይላተሙም ብለው ስንት ጊዜ ሊያስረዱት ቢሞክሩ፣ «አንተ በቆሎህን እወቅ፣ መንገዱን ለእኔ ተው» ይላቸዋል።

ስለዚህ መስመር መቀየር ትልቅ ሥነ ሥርዓት ነበረው። እማዬ ግድግዳው ጋ የስልኩን ገመድ ትይዛለች፣ እኔ ኮምፒውተሩ ጋ ሲዲኤምኤዋን ይዤ እጠብቃለሁ፣ አባዬ መሀል ቆሞ ረዳት መኪና ሲያስቆም እንደሚያደርገው እጁን ዘርግቶ፣ «ወጣ?» «ወጥቷል»፣ «ይግባ» ይላል። የሰፈር ልጆች በመስኮት እያዩ ይስቁብን ነበር። እኔ ግን አልስቅም፤ አባዬን የሚያስፈራ ነገር ምን ያህል ከባድ ቢሆን ነው እያልኩ ላብ ያጠምቀኛል። ትዕግስትም ይህን ሕግ አሳምራ ታውቀው ነበር፤ በቀየርን ቁጥር ስማችን ከመስመር መውጣታችንን እያሳየ እሷ ጋ ግራጫ ይሆንና እስክንመለስ ብዙ ትጠብቃለች፣ ስንመለስም «አባዬ ነቀለው አይደል?» ብላ ትጽፋለች።

ያን ቅዳሜ ነሐሴ ነው። ዝናቡ ከምሳ በኋላ ጀምሮ፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ሞልቶ የጋሪ ፈረሶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል፣ ሰማዩም ከመጥቆሩ የተነሳ ሳሎናችን በቀን መብራት የሚያስፈልገው ሆኗል። ትዕግስት መስመር ላይ መጣች። ሰላምታ እንኳ አልጻፈችም፤ ማዳሟ ለወንድሟ አሳልፋ ልትሰጣት እንደሆነ፣ ነገ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚወስዷት፣ እዚያ ኮምፒውተርም እንደሌለ፣ የሰውየውም ሁኔታ እንደማያምራት በአንድ ትንፋሽ ጻፈች። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ «የከተማው ስም» ብላ ጀመረችና ቀጥ አለ። የስልኩ መስመር ያንኮራፋል። አልጠፋም፣ ግን አይሄድም።

ሲዲኤምኤዋ ጠረጴዛው ላይ ናት። እማዬ እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ አባዬን ታያለች። ብንነቅለው ትዕግስት ስማችን ሲጠፋባት ታያለች፣ እንደገና እስክንገናኝ ደግሞ የማዳሟ መኪና ይደርሳል፣ ነገም እህቴ ስሙን ወደማናውቀው ከተማ ትገባለች። ይህንን ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። እማዬ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ትላለች። ከዚያ ሲዲኤምኤዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና፣ «ቀዳዳው የቱ ነው?» አለኝ። አሳየሁት። «በሉ ውጡ፣ ሁለታችሁም» አለን። እማዬ «ገመዱስ?» ስትለው «አይነቀልም፣ ውጪ አልኩሽ እኮ» ብሎ ተቆጣት። እኛን በረንዳ ላይ አስወጥቶ፣ መሪ እንደሚይዝ ሰው ወንበሩን ስቦ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። በመስኮት አየዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ አስገባት።

መብረቅ ጮኸ፤ እኔ ኮምፒውተሩ የፈነዳ መስሎኝ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ገባሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ ወዲህ ስወልድ እንኳ አልፈራሁም። ቀና ስል አባዬ እንዳለ አለ፤ ስክሪኑ ላይ የኛ ስም ጠፍቶ፣ ቆይቶ በአዲሱ መስመር ተመለሰ፣ ከሥሩም የትዕግስት ጽሑፍ ተከታትሎ ዘነበ፤ ከተማው፣ ሰፈሩ፣ የሰውየው ስም፣ አጠገቡ ያለው መስጊድ። አባዬ እንግሊዝኛ ፊደል ስለማይችል «ነይ አንብቢ፣ ተላለፉ መሰለኝ» ብሎ ጠራኝ። ደርሶናል ብዬ ጻፍኩላት። እሷ ግን ሄዳለች።

ከዚያ ወራት ሙሉ ምንም የለም። አባዬ ያንን አድራሻ ጅቡቲ ለሚያገኛቸው ሾፌሮች ሁሉ ነገረ፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ከርሞ እዚያ አገር ዘመድ ያለው አንድ ሰው ተገኘ፣ ዘመዱም በሩን አንኳኳ፣ እንደምንም ብለው አወጧት። የመጣችው ትዕግስት የሄደችው አልነበረችም፤ በር ሲንኳኳ ወደ ጓዳ የምትገባ፣ ስትስቅ አፏን የምትሸፍን ሰው ሆና መጣች። አባዬ «ማንም ስለዚያ ቤት እንዳይጠይቃት» ብሎ አዘዘ፣ እኛም አልጠየቅንም፣ ዝምታው የቤቱ ሕግ ሆኖ ቀረ። አባዬ ካረፈ ይኸው ቆይቷል።

ቴክኒሻኑ ሁለቱንም ሰክቶ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ትዕግስት ብልጭ ድርግም የምትለውን ትንሽ አረንጓዴ መብራት እያየች ድንገት ማውራት ጀመረች። ያን ቀን ስማችሁ ግራጫ ሲሆን፣ አለችኝ፣ አባዬ ነቀለው አልኩ። የማዳም መኪና በር ላይ ነበር፤ ባታዩትም ብዬ የቀረኝን ጽፌ ተነሳሁ። እዚያ ሁለተኛው ቤት ከሰውየው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነበር፤ የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው የለም፣ አባቴ አንድ ሳጥን ፈርቶ ጣለኝ እያልኩ ነው ያነጋሁት። ሊያወጡኝ ሲመጡም ትንሿ ልጅ ለሰው ተናግራልኝ ነው ብዬ ነበር።

«አልነቀለውም» አልኳት። እማዬንና እኔን በረንዳ ላይ አስወጥቶ፣ የስልኩ መስመር እንደተሰካ፣ ይፈነዳል ብሎ እያመነ፣ በገዛ እጁ እንዳስገባት ነገርኳት። እሷና አባዬ አንድ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት አብረው ኖሩ፤ እሷ ያየችውን አላወራች፣ እሱ ያደረገውን አላወራ፣ እኛ ደግሞ አዝነንላት አልጠየቅናት፤ አንድ ምሽት ራት ላይ ሊያልቅ የሚችል ወሬ ነበር። ዛሬ መስመሩ ሞልቷል፣ የምንነግረው አባዬ ነው የሌለው።

ትዕግስት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ቀብሩ ላይ ይቅር ብዬው ነበር።»